በአባት ብቻ የምትገናኙት ወንድም አለሽ?

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ በቴሌግራም ረጅም ዝርዝር ላከችልኝ። ሳየው «ይሄን ገዝታችሁ በሰው ላኩልኝ» የሚል የበርበሬና የሽሮ ዝርዝር መስሎኝ ነበር። ከፍቼ ሳነበው ሌላ ነገር ነው። «የእማዬ ሙሉ ስም እስከ አያት። የተወለደችበት ቀን በፈረንጅ። የተወለደችበት ከተማ። አሁን የምትኖርበት አድራሻ። የአባዬም እንዲሁ። የወንድሜ መሥሪያ ቤት ከነአድራሻው። አንተስ አሁን ቀጣሪህ ማን ነው ልበል? በወር ስንት ጊዜ ነው የምናወራው?» እያለ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ «ይሄን አባዬን ለብቻው ስታገኘው ጠይቅልኝ» የሚል ማሳሰቢያ ያለበት ጥያቄ አለ፦ «የዚያ ልጅ ሙሉ ስም ማን ነው?»

«ያ ልጅ» ማን እንደሆነ በቤተሰባችን የማያውቅ የለም። ጮክ ብሎ የሚያወራውም የለም። የአክስቴ ባል ከአክስቴ ጋር ከመጋባቱ በፊት የወለደው ልጅ ነው።

የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሷት ከሄደች ስምንት ዓመት አልፏታል። ዜግነት ወስዳለች፣ ኮሌጅ ጨርሳለች፤ አሁን ደግሞ ባጅ አንጠልጥሎ ሽጉጥ ታጥቆ የሚሠራበት አንድ የፌዴራል ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት አመልክታ «ማጣራቱን ካለፍሽ ቀጥረንሻል» የሚል ደብዳቤ ደርሷታል። የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች፣ ሩጫውንም አልፋለች። የቀራት ባክግራውንድ ቼክ ነው። ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ግን እኔም አልጠራም፣ እናንተም አትገምቱ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምህረቶች የእኛ ነው ካላልኩ በቀር በፈረንጆቹ ናቸው።)

ባክግራውንድ ቼክ ሲባል እኛ ጋ ቶሎ የምትታወሰን «ከወንጀል ነፃ» የምትባለዋ ወረቀት ናት። አሻራ ትሰጣለህ፣ ሪከርድ ከሌለብህ ማህተም ተመቶባት ትወስዳለህ፣ አለቀ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ግን የወንጀል ሪከርድ ላይ አያቆምም። ከማን ጋር እንደምትውል፣ ለማን ዕዳ እንዳለብህ፣ ማን ሊያስፈራራህ ወይም ሊያባብልህ እንደሚችል ይጠይቃል። ይህን ሁሉ የሚሰበስበው ኤስኤፍ-86 በሚባል ቅጽ ነው፤ ለብሔራዊ ደህንነት የሥራ መደቦች የተዘጋጀ መጠይቅ። የሚሞላው በኦንላይን ነው እንጂ ቢታተም ከ100 ገጽ በላይ ነው። ኤፍቢአይ ውስጥ ልዩ ወኪል ለመሆን የሚያመለክት ሰው «ቶፕ ሲክሬት» ማየት የሚያስችል ፈቃድ ማግኘት ስላለበት በዚህ መንገድ ያልፋል። ምስጢር ለማያዩ ግን እምነት ለሚጣልባቸው መደቦች ኤስኤፍ-85ፒ የሚባል ቀለል ያለ ቅጽ አለ። ቀለል ያለ ስል ከ86ቱ ጋር ሲወዳደር ነው እንግዲህ።

ያለፉትን 10 ዓመታት የኖርክባቸው ቤቶች በሙሉ ይጻፋሉ፣ መሃል ላይ ክፍተት ሳይኖር። ላለፉት ሦስት ዓመታት አድራሻዎች ደግሞ እዚያ መኖርህን የሚያውቅ ሰው ስም ይጨመራል። የሠራህባቸው ቦታዎች ይጻፋሉ፤ ሥራ ፈትተህ የከረምክበት ጊዜም ይጻፋል፣ ያንን የሚያረጋግጥ ሰው ጭምር። (እኔ ብሞላው ከምርቃት በኋላ ለነበሩት አሥራ አራት ወራት ምስክሬ የሰፈራችን ጀበና ቡና ሻጭ ናት።) ዘመድ ያልሆኑ፣ በደንብ የሚያውቁህ፣ ተደምረው ያለፉትን ሰባት ዓመታት የሚሸፍኑ ሦስት ሰዎች ይጠቀሳሉ። ከዚያ ቤተሰብ ይመጣል። እናት፣ አባት፣ የእንጀራ እናትና አባት፣ አሳዳጊ፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ አማት። በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህትም ለብቻቸው ተጠቅሰው ተቀምጠዋል። የሞተም ይጻፋል። አሜሪካዊ ያልሆነው ዘመድ ላይ ደግሞ ጥያቄው ይጨምራል፦ መጨረሻ የተገናኛችሁት መቼ ነው፣ በምን ታወራላችሁ፣ በየስንት ጊዜው፣ ቀጣሪው ማን ነው፣ ከመንግሥት ወይም ከመከላከያ ወይም ከደህንነት ጋር ግንኙነት አለው?

ለአንድ ኦሃዮ ተወልዶ ኦሃዮ ላደገ ልጅ ይሄ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሞላል። መረጃው የሆነ ቦታ ተጽፎ አለ። የእኛ ሕይወት ግን ወረቀት ላይ ቀድሞ አልተጻፈም።

ከስም እንጀምር። እኛ ጋ የአባት ስም የአባት ስም ነው፤ የቤተሰብ መጠሪያ የሚባል ነገር የለንም። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ «ላስት ኔም» ተብሎ የተያዘው የአያቷ ስም ነው። የእናቷ መጨረሻ ሌላ ነው። የወንድሟ አንዳንድ ሰነድ በአባቱ ስም ያልቃል፣ ፓስፖርቱ በአያቱ። ለአሜሪካዊ መርማሪ አራቱም አንድ ቤት የተዳበሉ ባዕዳን ይመስላሉ። ሁለት «ጸ» የሚገባበት ስም ያለው ሰው ደግሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ፣ የዲቪ ፎርም ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ቅጹ «የተጠራህባቸው ሌሎች ስሞች» ብሎ ሲጠይቅ እነዚህ ሁሉ መግባት አለባቸው።

ቀኑስ? አክስቴን «የተወለድሽው መቼ ነው?» አልኳት። «ኅዳር ሚካኤል» አለችኝ፣ ያለምንም ማመንታት። ዓመቱን ስጠይቃት ግን ትንሽ ቆየች፤ በእኛ 1957 ይመስላታል። የቀበሌ መታወቂያዋ 1959 ይላል። የድሮ ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተቀምጧል፣ ቀኑ ላልታወቀ ሰው ሁሉ እንደሚደረገው። 1957 ከሆነ ኖቬምበር 21 ቀን 1964 ነው፤ አስልቼ ላክሁ። ቅጹ ላይ ከቀን አጠገብ «ግምት» የምትባል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለች። የአክስቴ ልጅ እንደነገረችኝ ከ100 ገጽ ውስጥ ኢትዮጵያዊን ታስቦ የተሠራች የምትመስለው እሷ ብቻ ናት።

አድራሻው ላይ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የነበሩበት ጊዜ ብሎክና የቤት ቁጥር ስላለው ተገላገልን። ከዚያ በፊት ተከራይተው የነበረው ቤት አድራሻ ግን «ከፋርማሲው ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» ነው። ፋርማሲው ፈርሷል። ወረዳውንና የአከራይዋን ስም አፈላልገን ሞላን።

እስካሁን ያለው ጣጣ የድካም ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ሰውን ከሥራ የሚያስቀር ነው፤ ገንዘብ።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ያለ «የአሮጌ መኪና ገበያ» የማያልፍ አስተማሪ የለም። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 የጻፈው ነው፤ ሻጩ መኪናው ችግር እንዳለበት ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፣ በዚህ የተነሳ ገበያው ይበላሻል። የመንግሥት ቀጣሪም እንደ መኪና ገዢው ነው። ያመለከተው ሰው ስለራሱ የሚያውቀውን እሱ አያውቅም። እኛ አገር ይሄንን ክፍተት የምንደፍነው በዋስ ነው። ገንዘብ ያዥ ለመሆን «ደሞዝ ያለው ዋስ አምጣ» ይባላል፤ ብታጠፋ እሱ ይከፍላል። ዋስህ ስለባህሪህ አንድ ቃል ላይጠየቅ ይችላል፣ የደሞዙ ደብዳቤ ይበቃል። አሜሪካኖቹ ዋስ አይጠይቁም። ይልቁንስ ያንተን የገንዘብ ታሪክ እንደ ፀባይ ያነቡታል።

ምክንያት አላቸው። አልድሪች ኤምስ የሚባል የሲአይኤ ሠራተኛ ነበር፤ ፖሊስ አይደለም፣ ግን ታሪኩ ማጣራት ሲነሳ ሁሌ ይነሳል። የመንግሥት ደሞዝተኛ ሆኖ ሳለ አርሊንግተን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ዛሬ ብዙ ሐበሻ ባለበት አካባቢ፣ 540,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት በካሽ ገዛ። ጃጓር ይነዳ ነበር። ለሶቪየት፣ በኋላም ለሩሲያ ምስጢር ሲሸጥ ቆይቶ የተያዘው በ1994 ነው። ስለዚህ አጣሪዎቹ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፤ ከደሞዝህ በላይ የሆነ ሀብት፣ ወይም ሊያስገድድህ የሚችል ዕዳ። ዕዳ መኖሩ ብቻውን አይጥልም፤ የተማሪ ብድር የሌለበት አሜሪካዊ ወጣት ከየት ይመጣል? መንግሥት ዋስ የሆነበትን የተማሪ ብድር ሳይከፍሉ መተው ግን ኤፍቢአይ ያለ ክርክር ከሚጥልባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ግብር አለማስታወቅም፣ ፍርድ ቤት የወሰነውን የልጅ ቀለብ አለመክፈልም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አሉ።

አሁን ይሄን ወደ እኛ ሰው አምጡት። ቅጹ ላይ «ለውጭ አገር ዜጋ የገንዘብ ድጋፍ አድርገህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ አለ። የጊዜ ገደብ የለውም፣ በሕይወትህ ዘመን ሁሉ ማለት ነው። በየወሩ ለእናቱ የማይልክ ዳያስፖራ ካለ እስቲ አሳዩኝ! የአክስቴ ልጅ «አዎ» ብላ ለማን፣ ስንት፣ በየስንት ጊዜው የሚለውን ሞላች። በባንክና በገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት የላከችው ደረሰኝ አለው። «እዚያ ሱቅ ስጪው፣ እዚህ እናደርሳለን» በሚባለው መንገድ የሚላከው ግን ደረሰኝ የለውም። ያለ ፈቃድ ገንዘብ የማስተላለፍ ሥራ መሥራት ደግሞ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ወንጀሉ የሚሠራው ሰው ይሁን እንጂ፣ ነገ ሕግ ላስከብር የሚል ሰው በዚያ መስመር ደጋግሞ መላኩ ጥያቄ ያስነሳል።

ዕቁብም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዕቁብ ሞልቷል። ደርሶህ 12,000 ዶላር በካሽ ወስደህ ባንክ ብታስገባ ባንኩ ከ10,000 በላይ የሆነ ካሽ ሁሉ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይሄ ምንም ችግር የለውም፤ ሪፖርት ነው፣ ክስ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው «አራዳ» የሆነ ወዳጅ «9,500 አድርገህ በሁለት ቀን ከፋፍለህ አስገባ» ሲልህ ነው። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ መከፋፈል ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ገንዘቡ የላብህ ቢሆንም እንኳ። ዕቁብን ማስረዳት ይቻላል። ዕቁብን መደበቅ ግን ከዕቁቡ የባሰ ነገር ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ የገባኝ ዋናው ነገር ይሄው ነው፤ ሥርዓቱ ከጥፋት ይልቅ ለውሸት ከፍ ያለ ዋጋ ተምኗል። ምስጢር ለማየት የሚሰጠው ፈቃድ የሚመዘነው ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ መመሪያ ሲሆን 13 መስፈርቶች አሉት። አብዛኞቹ ላይ «ይሄ ነገር ያሰጋል» ከሚለው ቀጥሎ «ይሄ ካለ ግን ሥጋቱ ይቀንሳል» የሚል አለ። ጊዜው ከራቀ፣ ከተጸጸትክ፣ ዕዳውን መክፈል ከጀመርክ ወዘተ። ቅጹ ላይ አውቆ መዋሸት ወይም መዝለል ግን በ«ግል ምግባር» ስር ይገባና ሌላውን ሁሉ ይበክላል፤ እዚህም ቢሆን ሳይደረስብህ በፊት በራስህ ተነሳሽነት ካረምክ ይታይልሃል። ከዚያ ውጪ ቅጹን ፈርመህ መዋሸት እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል።

ማሪዋናን ውሰዱ። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ሁሉም ለአዋቂ ፈቅደውታል፣ የፌዴራሉ ሕግ ግን አሁንም ይከለክላል። ኤፍቢአይ በ2021 ደንቡን አላልቶ፣ ከማመልከትህ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ካልተጠቀምክ ማመልከት ትችላለህ አለ። ድሮ ሦስት ዓመት ነበር። ስለመጠቀምህ ከዋሸህ ግን የዓመቱ ቁጥር አያድንህም። ጫትስ? አዲሱ ገበያ በግልጽ የሚሸጠው ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚያ ከሄሮይን ጋር በአንድ የመጀመሪያ ምድብ የተመዘገበ ነገር ነው። አገር ቤት ለሠርግ መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ከሰዓት የቃመ ልጅ ይህ ጥያቄ እንደሚመለከተው ላይታወቀው ይችላል። የተከለከለ ዕፅ ጥያቄ ላይ ሲደርስ «ጫት እኮ ቅጠል ነው» ብሎ ከማለፍ፣ ጠይቆና ጽፎ ማለፍ ይሻለዋል።

ለወንዶች አንድ ነገር በቅንፍ ላስገባ፣ ማንም ሳይነግራቸው የሚያልፍ ስለሆነ። ከ18 እስከ 25 ባለው ዕድሜ አሜሪካ የገባ ግሪን ካርድ ያለው ወንድ ሁሉ በገባ በ30 ቀን ውስጥ «ሰሌክቲቭ ሰርቪስ» የሚባለው የውትድርና መዝገብ ላይ መመዝገብ አለበት። ማንም አይዘምትም፣ ስም ማስመዝገብ ነው። 26 ዓመት ከሞላህ በኋላ መመዝገብ አይቻልም። አውቆ ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ ፖሊስነት ይቅርና የፌዴራል አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ሥራ አያገኝም። ሳያውቅ የቀረ ከሆነ አለማወቁን የማስረዳት ሸክሙ የሱ ነው። ዲቪ የደረሳችሁ፣ በዚህ ዕድሜ ያላችሁ፣ ስልካችሁ በእጃችሁ ነው።

ወደ «ያ ልጅ» ልመለስ።

አባትየውን ለብቻው ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አክስቴ ነገሩን በምን እንደሰማች አላውቅም፣ ግን ቀደመችኝ። «እሱን ደግሞ ምን ብላ ነው የምትጽፈው? አይታው አታውቅ!» አለች። ቆየችና ደግሞ፦ «አሜሪካኖቹ በምን ያውቃሉ?»

እውነት ለመናገር የአክስቴ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። በምንም ላያውቁ ይችላሉ። ልጁ የት እንዳለ እኛም በደንብ አናውቅም ነበር። ግን አጎቴ መከላከያ ውስጥ ነው ሲል ሰምተናል። የውጭ አገር ወታደር የሆነ ወንድም እያለ አለመጻፍ ማለት ከ13ቱ መስፈርቶች መካከል «የውጭ ተጽዕኖ» የሚለውን ከ«ግል ምግባር» ጋር አንድ ላይ መርገጥ ነው። ይበልጥ ደግሞ ይህ ሁሉ ማጣራት የተሠራበትን ምክንያት አስቡት። አንድን ሰው ማስገደድ የሚቻለው የሚደብቀው ነገር ሲኖር ነው። የተጻፈ ወንድም ወንድም ነው። ያልተጻፈ ወንድም ግን ነገ አንድ ሰው ደውሎ «እናውቃለን» የሚልበት ገመድ ነው። ለአክስቴ እንደዚህ ብዬ አስረዳኋት። «ገመዱ እኔ ቤት ነው ያለው» አለችኝና ቡናዋን አነሳች። ለሷ ጉዳዩ የአሜሪካ መንግሥት አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ያልተባለ ነገር ወረቀት ላይ ሊሰፍር ነው፤ ያውም በልጇ እጅ።

አባትየው ግን ስጠይቀው አልተቆጣም። ሙሉ ስሙን እስከ አያት ተናገረ፤ አያቱ ለካ የእኛዋም አያት ናቸው። የተወለደበትን ዓመት፣ ማዕረጉን ተናገረ። ከዚያ ስልክ ቁጥሩን በቃሉ ጠራልኝ። ስልኩን ሳይከፍት። እኔም እንዴት በቃልህ ያዝከው አላልኩትም።

የአክስቴ ልጅ ጻፈችው። «አላገኘሁትም፣ አላወራሁትም፣ ከአባቴ የሰማሁት ይህን ነው» ብላ። የማታውቀውን እንደማታውቀው አድርጋ።

ቀጣዩ ፖሊግራፍ ነው፤ የውሸት መመርመሪያው ማሽን። ኤፍቢአይ ከ1994 ጀምሮ አዲስ ገቢዎችን ሁሉ በዚህ ያሳልፋል። የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በ2010 በወጣ ሕግ ሕግ አስከባሪ ሆኖ የሚያመለክትን ሁሉ እንዲመረምር ተገዷል። በ2017 አሶሺየትድ ፕሬስ እንደዘገበው በዚህ መሥሪያ ቤት ከሦስት ተፈታኝ ሁለቱ ይወድቁ ነበር። የሚገርመው፣ ይህንኑ ማሽን አብዛኞቹ የግል ቀጣሪዎች ሠራተኛ ለመቅጠር እንዳይጠቀሙበት ኮንግረስ በ1988 ከልክሏል። መንግሥት ራሱን ከክልከላው አወጣ።

እዚህ ላይ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ዝም በል አይለኝም። የአሜሪካ የምርምር ምክር ቤት በ2003 ባወጣው ጥናት ላይ የተጠቀመው ምሳሌ ይሄ ነው። 10,000 ሠራተኞች አሉ እንበል፣ ከመካከላቸው 10 ሰላዮች። ማሽኑ ጎበዝ ነው እንበልና ከ10ሩ ስምንቱን እንዲይዝ ተደርጎ ቢስተካከል፣ የሚወድቁት ሰዎች 1,606 ናቸው። ስምንቱ ሰላዮች፣ 1,598ቱ ንጹሐን። ማለትም ከወደቁት 200 ሰዎች አንዱ ነው እውነተኛው። ንጹሕ ሰው እንዳይጥል ተብሎ ሲላላ ደግሞ አብዛኞቹ ሰላዮች ያልፋሉ። ኤምስ እንኳ እየሰለለ ሳለ ሁለት ጊዜ፣ በ1986 እና በ1991፣ ማሽኑን አልፏል። መሥሪያ ቤቶቹ የሚሰጡት መልስ ሰዎች ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ያልጻፉትን ይናዘዛሉ የሚል ነው፤ ይሄም እውነት ነው። እንግዲያው የሚሠራው ማሽኑ ሳይሆን ማሽኑን መፍራት ነው ማለት ነው። በፍርሃት የሚሠራ ነገር ደግሞ ከመንግሥት ቢሮ ወንበር ጋር ሌላ ትዝታ ባላቸው ቤተሰቦች ልጅ ላይ እንዴት እንደሚሠራ የለካ ሰው መኖሩን እንጃ። የልብ ምቷ ለምን እንደጨመረ ማሽኑ አይጠይቃትም።

እኔን ግን ከፖሊግራፉ በላይ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። በ2015 የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ ተጠልፎ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች የማጣራት መረጃ መሰረቁ ታወቀ። የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ ጭምር። ከነዚህ ውስጥ 1.8 ሚሊዮኑ ራሳቸው ያላመለከቱ፣ በአብዛኛው የአመልካቾቹ የትዳር ጓደኞችና አብረው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ወደ መከላከያው መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፣ ሲስተሙም ተቀይሯል። ቢሆንም የአክስቴ የልደት ቀን፣ የአንድ ወታደር ስልክና ማዕረግ፣ የእኔ «ፍሪላንሰር» የሚል ቀጣሪ የሌለው ሥራ፣ ሁሉም አንድ ሰርቨር ላይ ገብተዋል። አመልካቿ በፊርማዋ ፈቅዳለች። ያ ወንድሟ ስሙ እዚያ እንዳለ እስከዛሬ አያውቅም። ለሱ መንገር ይገባል ባይ ነኝ። የአክስቴ ልጅም ይገባል ትላለች፣ ግን የመጀመሪያው የስልክ ጥሪያችን ስለ ቅጽ እንዲሆን አልፈልግም አለች።

አሁን መርማሪዎቹ ሰው እያነጋገሩ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መታወቂያ ያለው ሰው የጻፍሽው ጎረቤት ጋ፣ የድሮ አለቃሽ ጋ፣ አንዳንዴ ስሙን ያልጻፍሽው ሰው ጋ ይሄዳል። ገንዘብ አያያዟ እንዴት ነው፣ ትጠጣለች ወይ፣ ታማኝ ናት ወይ እያለ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የማናውቀው ሰው መጥቶ ስለ ሰው ሲጠይቅ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። «አላውቃትም።» በደግነት ነው የምንለው። ስንት ሰው በዚህ ቃል ተርፏል። እዚያ ግን ሦስት ዓመት በር ለበር የኖረ ጎረቤት «አላውቃትም» ሲል፣ ወይ አድራሻው ውሸት ነው ወይ ሴትየዋ ሰው የምትርቅ ናት ማለት ይሆናል።

ይኸው ሆነ። ከወር በፊት አንድ መርማሪ እሷ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት ሐበሻ እናትን በር አንኳኳ። እሳቸው የፋሲካ ዶሮ አብረዋት የሚሠሩ፣ የቤቷ ቁልፍ ሳይቀር እሳቸው ጋ የሚቀመጥ ናቸው። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አዩትና እንዲህ የምትባል ልጅ እዚህ ሕንፃ ላይ አላውቅም ብለው በሩን ዘጉ። ማታ ላይ በኩራት ነገሯት። «ላኩት፤ ምንም አላገኘም» አሏት።

ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። በመጀመሪያ መታወቂያውን ይጠይቁ፣ ስሙን ይጻፉ፣ ካልመሰለዎት መሥሪያ ቤቱ ደውለው ያጣሩ። ከዚያ ግን የሚያውቁትን ይንገሩት፤ የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ። ሰውየው በሳምንቱ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም እስኪቀረው ድረስ ቁጭ አድርገው ነገሩት፣ ዕቁቡን ጨምሮ።